ጥገና፣ እድሳት፣ መልሶ ማልማት፦ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሦስት ቃላትን ይዟል። ሦስቱም ስለ አሮጌ ቤት የሚነገሩ ናቸው፤ አድራጊያቸው ግን አንድ አይደለም። ጥገና የነዋሪው ሥራ ነው። እድሳት ስል፣ ነዋሪው ከቦታው ሳይነሣ ሰፈሩ በእቅድና በድጋፍ የሚሻሻልበትን ሥራ ማለቴ ነው። መልሶ ማልማት ደግሞ መንግሥት ነባሩን ሰፈር አንሥቶ በቦታው ሌላ የሚተክልበት አሠራር ነው። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ታሪክ ከጥገና መቋረጥ ተነሥቶ ወደ መልሶ ማልማት የደረሰ፣ በመካከሉም እድሳትን ሞክሮ የተወ ታሪክ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው ይህን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ሰፊ የነባር ሰፈር ክፍሎች ፈርሰዋል። ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ ደጃች ውቤ ሰፈርን በስም እንጂ በዓይን የማያውቁ ተማሪዎችን የምናስተምርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ከተማሪዎቼ ዘንድ ተደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «እነዚያ ቤቶች ሊጠበቁ ይገባቸው ነበር ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቤቶቹ እዚያ ሁኔታ ላይ እንዴት ደረሱ? በአስተዳደር ሰነዶቻችን እነዚህ አካባቢዎች «የተጎሳቆሉ ሰፈሮች» ይባላሉ። «ተጎሳቆለ» የሚለው ግስ አድራጊውን አይናገርም። የታሪክ ተማሪ ሥራው ያልተነገረውን አድራጊ መፈለግ ነው።

ሰፈርና የጭቃ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በአንድ ንድፍ አልተሠራችም። ንጉሡና እቴጌይቱ በግቢያቸው ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ሰጡ፤ እያንዳንዱ ሹም በተሰጠው ቦታ ላይ ጭፍራውን፣ ባለሟሉንና አገልጋዩን ይዞ ሰፈረ። «ሰፈር» የሚለው ስም ራሱ ከዚህ የጦር ሰፈራ ልማድ የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው አካባቢዎች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በ1979 ዓ.ም. የከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር በተካሄደው ሲምፖዚየም ላይ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት ለዚህ ርእስ ዛሬም መነሻችን ነው።

ይህ አሰፋፈር አንድ ዘላቂ ውጤት ነበረው፤ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሰፈር፣ አልፎ አልፎም በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። የመኳንንቱ ቤት በድንጋይና በእንጨት፣ ሰፋፊ በረንዳ ያለው ሆኖ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይሠራል፤ የጭፍራው ቤት በዙሪያው ይዘረጋል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያወጡት የመሬት ደንብ የከተማውን ቦታ ወደሚሸጥ፣ ወደሚለወጥና ወደሚወረስ ንብረት ሲያሸጋግረው፣ በየግቢው ጥግ የኪራይ ክፍሎች መሠራት ጀመሩ። ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲያቋቁም፣ ለነጮችና ለአገሬው ሰው የተለያየ መኖሪያ ለመከለል አቅዶ ነበር። ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ወረራው ግን አምስት ዓመት ብቻ ስለቆየ የቀደመው ስብጥር አልጠፋም። ከነጻነት በኋላም ከገጠር የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ ባለ ይዞታዎች በግቢያቸው ላይ ክፍል እየቀጠሉ ማከራየታቸውን ገፉበት። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ አብዛኛው የከተማው ነዋሪ ተከራይ ነበር።

እነዚህ የኪራይ ቤቶች በአመዛኙ የጭቃ ቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የታሪክ ሰዎች ስለ አዋጅ ስንጽፍ ስለ ግድግዳ መጻፍ እንዘነጋለንና። የጭቃ ቤት የሚሠራው የባሕር ዛፍ አጣና በመሬት ውስጥ ቆሞ፣ በማገር ተያይዞ፣ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ተመርጎ ነው። ጣራው ቀድሞ ሣር፣ ኋላ ቆርቆሮ ሆነ። የዚህ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። ከጣራ ክፈፍ የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ሲረጭ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። መሬት ውስጥ የቆመው የእንጨት ጫፍ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባበታል። ስለዚህ የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ይሁን እንጂ በድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ ክፈፉ ረዘም ካለ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ከተመረገና የበሰበሰው ቋሚ በጊዜው ከተለወጠ፣ የሰውን ዕድሜ ያህል ይቆያል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች በከተማችን መኖራቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። የድንጋይ ቤት ለአሥር ዓመት ቢዘነጋ ይቆማል፤ የጭቃ ቤት ለአሥር ዓመት ከተዘነጋ አይተርፍም። የጭቃ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሳይሆን በየዓመቱ የሚሠራ ቤት ነው። ስለዚህ ስለ እንዲህ ያለ ሰፈር ታሪክ ስንጠይቅ፣ «ማን ሠራው?» ከሚለው ይልቅ «በየዓመቱ ማን ይጠግነው ነበር? መጠገኑን ያቆመውስ መቼና ለምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምረናል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

የመጠገኑ ሥርዓት የተቋረጠበት ቀን አለው ብል ጥቂት ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ቅርብ የሆነ ቀን አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። በአዋጁ መሠረት አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊይዝ የሚችለው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ መኖሪያ ቤቱም አንድ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። በአከራይና በተከራይ መካከል የነበረው ግንኙነት ፈረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር በሚደርስ ቤቶች ላይ ከ15 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ተደረገ፤ ከፍተኛው ቅናሽ የተደረገውም በዝቅተኛው ኪራይ ላይ ነበር።

የአዋጁን ፍትሐዊ ገጽታ መካድ አይገባም። በየወሩ መጨረሻ የአከራይን ዓይን እየፈራ ለሚኖር ድኻ፣ ከመሐል ከተማ ሳይነሣ በርካሽ የመኖር ዋስትና ሰጥቷል። በኋለኞቹ ዓመታት ገበያው እየናረ ሲሄድ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ተሸካሚው፣ ጡረተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ ከመርካቶና ከፒያሳ በእግር መንገድ ርቀት ላይ መኖር የቻሉት በዚህ አዋጅ ምክንያት ነው። ስለ ድኅነት የሚጽፉ አጥኚዎች ይህን በተደጋጋሚ አስገንዝበዋል፤ ትክክል ናቸው።

የአዋጁ ችግር ያለው በአፈጻጸሙ ውስጥ ነው። የተወረሱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ለሁለት ተከፈሉ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ፤ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆኑት ለቀበሌዎች ተሰጡ። የዚህን ክፍፍል ትርጉም ልብ በሉ። ብሎኬትና ድንጋይ የሆኑት፣ ብዙም ጥገና የማይጠይቁት ቤቶች ከፍተኛ ገቢ ወዳለው ድርጅት ሄዱ። በየዓመቱ ምርጊት የሚፈልጉት የጭቃ ቤቶች ደግሞ ቀድሞውንም ዝቅተኛ የነበረውን፣ አሁንም ይበልጥ የተቀነሰውን ኪራያቸውን ይዘው ወደ ቀበሌ ሄዱ። በጣም የሚጠገነው ቤት በጣም አነስተኛ ገንዘብ ወዳለው አስተዳዳሪ ተላከ ማለት ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ10 ብር የማይበልጥ የቀበሌ ቤቶች ብዙ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ኪራዩ 8 ብር የሆነ ቤት እንውሰድ። በዓመት 96 ብር ያስገባል። የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የአጣና ዋጋ ዓመት በዓመት ሲጨምር ይህ ኪራይ በነበረበት ቆየ። ዛሬ 96 ብር አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። ያም ገንዘብ ቢሆን ለጥገና ብቻ የተያዘ አልነበረም፤ ቀበሌው ሌላም ሥራ ነበረበት።

«ታዲያ ነዋሪው ለምን ራሱ አልጠገነውም?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙው ጠግኗል፤ ግን እንደ ሌባ። እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላንሣ። ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። እናቴ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባደድ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ በግቢው ጥግ ጭቃ አቡክታ ግድግዳውን ትመርግ ነበር። እኔና ወንድሞቼ በእግራችን የምንረግጠውን የዚያን ጭቃና ጭድ ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ክረምት የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ዘመመ። ይህን ምርጊት አይመልሰውም፤ ቋሚው መለወጥ ነበረበት። አባቴ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አመለከተ። ቤቱ የመንግሥት መሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ቅርጹን መለወጥ እንደማይቻል ተነገረው። ፈቃድ ጠየቀ፤ በጀት ሲገኝ እናድሰዋለን ተባለ። ሁለት ክረምት ጠበቅን። በሁለተኛው ክረምት፣ በአንድ ሌሊት፣ ግድግዳው ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። በማግስቱ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አጣና የያዘ አጣና፣ ቆርቆሮ የያዘ ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ በሁለት ቀን አቆመልን። ያ ግድግዳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ገንዘብ አልነበረም። የጠበቀው የመጠገን መብት ነበር።

ይህን የምናገረው ለወቀሳ አይደለም። በዚያ ጽሕፈት ቤት የነበሩት ሰዎች ሰፈርተኞቻችን ነበሩ፤ ሕጉ ያዘዛቸውን አደረጉ። የምፈልገው አሠራሩን ማሳየት ነው። አከራዩ ተነሣ፤ የመጠገን ግዴታው ግን አቅም ወደሌለው አካል ተላለፈ። ተከራዩ የመኖር ዋስትና አገኘ፤ የመጠገን መብት ግን አላገኘም። ባለቤት ነኝ የሚል ሁሉ የማይጠግንበት፣ የሚጠግን ሁሉ ባለቤት ነኝ የማይልበት ሁኔታ ተፈጠረ። ከዚያ ቤተሰብ በዛ፤ ልጆች አገቡ። ከላይ ቆጥ ተሠራ፤ ከጎን ደባል ገባ፤ ማድቤቱ መኝታ ቤት ሆነ። ግድግዳው የማይችለውን ተሸከመ። «ተጎሳቆለ» የሚለው ግስ አድራጊው እንግዲህ አንድ ሰው አይደለም፤ አንድ የሕግ ክፍተት ነው።

የተክለ ሃይማኖት ሙከራ

ታሪኩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ «አፍርሶ መሥራት እንጂ ሌላ ምን አማራጭ ነበር?» የሚለው ክርክር ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር ተሞክሯል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ከመርካቶ በታች በሚገኘው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሰፈሮችን ሳያነሡ የማሻሻል ሥራ ተጀመረ። የኖርዌዩ የሕፃናት አድን ድርጅት ሬድ ባርና በአካባቢው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሰፊ ሥራ ሠርቷል፤ በዓለም ባንክ ድጋፍም የተክለ ሃይማኖትን አካባቢ ለማሻሻል ፕሮጀክት ተቀርጾ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ለዓመታት ታስረው የተፈቱት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በመጀመሪያ በሬድ ባርና ሥራ፣ ከዚያም በ1980ዎቹ መግቢያ ራሳቸው ባቋቋሙት የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት አማካይነት በዚሁ አካባቢ ቀበሌዎች ውስጥ ሥራውን ቀጠሉ።

የሥራው ዝርዝር ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። መተላለፊያው በድንጋይ ይነጠፋል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል። የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የጋራ ማድቤትና የውኃ ቦኖ ይሠራል። ሊወድቁ የደረሱ ቤቶች ይጠገናሉ፤ ፈጽሞ የማይቻሉት እዚያው ይሠራሉ። ከዚህ ጎን ለጎን የጤና ትምህርት፣ የክትባት፣ የሙያ ሥልጠናና የገቢ ማስገኛ ሥራ ይካሄዳል። ውሳኔው ከነዋሪው ጋር በሚደረግ ስብሰባ ላይ ይሰጣል፤ ጉልበቱንም በከፊል ነዋሪው ያዋጣል።

ከላይ ስለ ጭቃ ቤት የተናገርሁትን ብታስታውሱ፣ የዚህ ሥራ ብልሃት ይገለጥላችኋል። ቦዩ ሲቆፈር የግድግዳው እግር ከውኃ ይድናል። ማድቤቱ ወደ ውጭ ሲወጣ የቤቱ ውስጥ ከጭስ ይገላገላል፤ አንድ ክፍልም ይተርፋል። መተላለፊያው ሲነጠፍ ክረምት ከጭቃ፣ በጋ ከአቧራ ያርፋል። ቤቱን ሳይነኩ እንኳ የቤቱ ዕድሜ ይረዝማል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ ነዋሪው የመጠገን መብቱ በተግባር ተመለሰለት። ቤቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ እጁ ግን ተፈታ።

ይህን ሙከራ ከሚገባው በላይ አላወድሰውም። በከተማዋ ስፋት ሲመዘን የጥቂት ቀበሌዎች ሥራ ነበር። በውጭ እርዳታ የቆመ ስለነበረ እርዳታው ሲሳሳ ሥራውም ሳሳ። የጋራ መጸዳጃ ቤቶቹ ማን እንደሚያጸዳቸው፣ ሲሞሉ ማን እንደሚያስመጥጣቸው በየጊዜው አከራክሯል። ከሁሉ በላይ፣ ያ ልምድ ወደ ሕግ አልተለወጠም። የቀበሌ ቤት ተከራይ የመጠገን መብት አለው፣ ለጥገና ያወጣው ወጪም በዚህ መንገድ ይታሰብለታል የሚል ግልጽ ድንጋጌ ቢወጣ ኖሮ፣ የጥቂት ቀበሌዎች ሙከራ የከተማዋ ሥርዓት ሊሆን ይችል ነበር። አልሆነም።

መልሶ ማልማት

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ የከተማ ቦታ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ። በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የሊዝ ሥርዓት ሲመጣ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ፤ ቦታ ዋጋ አገኘ። በደርግ ዘመን የፒያሳ ወይም የልደታ የጭቃ ቤት የቆመበት መሬት ለመንግሥት የጨረታ ገቢ አያመጣም ነበር። ከሊዝ በኋላ ግን በአንድ ቤትና በቆመበት መሬት መካከል የዋጋ ልዩነት ተከፈተ። ቤቱ በወር 8 ብር ያስገባል፤ መሬቱ በጨረታ ከዚያ እጅግ የሚልቅ ያወጣል። ከዚህ በኋላ አሮጌውን ቤት ማደስ ለከተማው አስተዳደር ከጥቅም ይልቅ ወጪ ሆኖ ታየ።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ ሕዝቡ «ኮንዶሚኒየም» የሚለው ማለት ነው፣ ከተነሺዎች ጥያቄ ጋር ተያያዘ። ልደታ፣ ባሻ ወልዴ ችሎትና ሌሎችም አካባቢዎች በመልሶ ማልማት ተነሡ። ለቀበሌ ቤት ተከራይ የቀረበው አማራጭ በአመዛኙ ሁለት ነበር፤ ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መግባት፣ ወይም ሌላ ቦታ ወዳለ የቀበሌ ቤት መዛወር። ቅድመ ክፍያውን የቻለ፣ ወይም በብድር የገባበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የተመዘገበ ቤት፣ የራሱ መጸዳጃና የራሱ የውኃ ቧንቧ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ መጸዳጃ ፊት በየማለዳው ተሰልፎ ያላደገ ሰው ትልቅነቱን አይረዳውም።

ሆኖም ሁለት ወገኖች ከዚህ ስሌት ወጥተዋል። የመጀመሪያው ደባሉ ነው። በውል የተመዘገበው ተከራይ መብት ነበረው፤ በእርሱ ሥር አንዲት ክፍል ወይም አንድ ቆጥ የተከራየው ግን በመዝገብ ላይ ስላልነበረ ሰፈሩ ሲነሣ የት እንደገባ የሚነግረን መዝገብ የለም። ሁለተኛው በመዝገብ የማይጻፈው የሰፈር ግንኙነት ነው። ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር ቦታ አላቸው። ጉልት የምትቸረችር ሴት ደንበኞቿ ያውቋታል፤ በዱቤ ትሰጣለች፣ በዱቤም ትወስዳለች። ልጇን ትታ ገበያ ስትሄድ የምታምናት ጎረቤት አለቻት። ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ ቤት አግኝታ ገበያዋን ታጣለች። ዕድርተኞች ከሦስት የተለያየ አቅጣጫ በታክሲ ተጉዘው ድንኳን ሲተክሉ ያየን ሰዎች ይህን አናስተባብልም።

እንግዲህ የሁለቱን ዘመናት ሥራ ጎን ለጎን ብናስቀምጠው አንድ የሚያሳዝን ተቃርኖ እናያለን። የ1967ቱ አዋጅ ጎረቤቱን አቆየ፤ ቤቱን አፈረሰ። መልሶ ማልማት ቤቱን ሠራ፤ ጎረቤቱን በተነ። ሁለቱንም አንድ ላይ ለመያዝ የሞከረው በመካከል ያለው እድሳት ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሳናጠናቅቅ ተውነው።

የቅርስ ጥበቃ ሕጋችንም ይህን ክፍተት አልሞላውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ ትልቅ እርምጃ ነበር። በተግባር ግን ጥበቃው ያተኮረው በነጠላ ሕንፃዎች ላይ ነው። የአንድ ራስ ቤት ይመዘገባል፤ ያን ቤት ከበው የኖሩት የጭፍራ ቤቶች፣ መተላለፊያዎቹና የጋራ ግቢዎቹ አይመዘገቡም። ይሁንና ከታሪክ አንጻር የአዲስ አበባ ልዩ ባሕርይ ያለው አንዱ ከሌላው ጎን መቆሙ ላይ ነው። ዙሪያው የጠፋ የመኳንንት ቤት ከዐረፍተ ነገር ተቆርጦ የተቀመጠ ቃል ያህል ነው፤ ይነበባል፣ ግን ምን ለማለት እንደተጻፈ አይታወቅም።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ክርክር ሳቀርብ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡልኛል፤ ሁለቱንም በክብር እቀበላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ድኅነትን እያስዋብህ ነው» የሚል ነው። አይደለም። ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ላደረ ሰው፣ ከሰሌን ሥር ባልዲ እየደረደረ ሌሊቱን ላነጋ ሰው፣ ያ ቤት ትዝታ እንጂ ናፍቆት አይደለም። እኔ የምከራከረው ቤቶቹ ባሉበት እንዲቀሩ አይደለም። የምከራከረው ቤቶቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ሳንጠይቅ መፍረሳቸውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንዳንቀበል ነው። ምክንያቱን ካላወቅን ዛሬ የምንሠራቸውን ሕንፃዎችም በሠላሳ ዓመት ውስጥ «የተጎሳቆሉ» እናደርጋቸዋለን። የኮንዶሚኒየም የጋራ ደረጃ፣ የጋራ ጣራና የፍሳሽ መስመር ዛሬ ማን ይጠግነዋል? ሊጠይቀው የሚገባ ሁሉ በግቢው ዞር ዞር ብሎ ይመልከት። የመጠገን ጥያቄ ከጭቃ ወደ ብሎኬት ተሸጋገረ እንጂ አልተፈታም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በመሐል ከተማ ምድር ቤት ብቻ ይዞ መኖር አይቻልም፤ ከተማ ወደ ላይ ማደግ አለበት» የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። ሕዝብ በሚበዛባት ከተማ ሁሉም አሮጌ ቤት እንዳለ ይቆይ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ወደ ላይ ማደግና ነዋሪን ማራቅ አንድ ነገር አይደሉም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ጥቂቱ ሊታደስ፣ ጥቂቱ ተነሥቶ ነዋሪው እዚያው በሚሠራ ፎቅ ውስጥ ሊገባ፣ ጥቂቱ ሊለማ ይችላል። ይህ ቀስ ያለ ሥራ ነው። የተክለ ሃይማኖቱ ልምድ ግን ቀስ ያለ ሥራ የማይቻል ሥራ እንዳልሆነ አሳይቶናል።

ማጠቃለያ

ንግግሬን ስቋጭ በተለይ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። የነባር ሰፈር ታሪክ ሲጻፍ የሚፈለጉት ሰነዶች የማስተር ፕላን ካርታዎችና የአዋጅ ጋዜጦች ብቻ አይደሉም። በየቀበሌው የነበሩ የጥገና ማመልከቻዎች፣ የዕድር መዝገቦች፣ የኪራይ ደረሰኞች፣ «ቤታችን ሊወድቅብን ነው» ተብለው የተጻፉ ደብዳቤዎች ከማናቸውም የተሻሉ ምንጮች ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ እነዚህ ወረቀቶች አብረው ይጠፋሉ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ እናትና አያት አሏችሁ፤ በሳጥን ውስጥ፣ በቢጫ ፖስታ፣ ከጋብቻ ፎቶግራፍ ጋር የተቀመጡ የኪራይ ደረሰኞች ይኖሯቸዋል። ጠይቋቸው። ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን «ግድግዳውን ማን ይመርግ ነበር?» ብላችሁም ጠይቋቸው። የምታገኙት መልስ በየትኛውም ቤተ መዛግብት አይገኝም።